አስቴር አወቀ የጀመረችው በ1989 አይደለም

የአስቴር አወቀ የመጀመሪያ አልበም የትኛው ነው? ይህን በእንግሊዝኛ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «አስቴር»፣ እ.ኤ.አ. 1989። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙን ትሪፕል ኧርዝ የተባለ የእንግሊዝ አሳታሚ አወጣው፤ በአሜሪካ ደግሞ ትልቁ ኮሎምቢያ ኩባንያ አሰራጨው። በ1991 «ካቡ» ተከተለ። የምዕራብ ጋዜጦች ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር አነጻጸሯት። ዓለም አወቃት ተባለ።

ዓለም ያወቃት በዚያ ዓመት መሆኑ እውነት ነው። የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የአንድ ቀን መቁጠሪያ ስህተት ብቻ አይደለም። አንድ አገር የራሱን ሰው መነሻ ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ሲተው ምን እንደሚያጣ የሚያሳይ ነው።

አስቴር በ1959 ጎንደር ተወለደች፤ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት በከተማዋ ክበቦችና ሆቴሎች መድረክ ላይ ነበረች። ከኮንቲኔንታል፣ ከሆቴል ዳፍሪክ፣ ከሸበሌና ከአይቤክስ ባንዶች ጋር ዘፍናለች። ከዚያ ብዙዎች «አሊ ታንጎ» የሚሉት የሙዚቃ አሳታሚ አሊ አብደላ ኬይፋ ድምፅዋን አመነበት፤ ወጪውን ችሎ አምስት ካሴቶችና ሁለት ትንንሽ ሸክላዎች አወጣላት። በ1981 ወደ አሜሪካ ስትሻገር ይህ ሁሉ ከኋላዋ ነበር።

አምስት ካሴት ቀላል ነገር አይደለም። የዛሬ ድምፃዊ አንድ አልበም ለማውጣት አምስትና ስድስት ዓመት ይደክማል። አስቴር ሃያ ሦስት ሳይሞላት አምስት ነበራት። ለንደን «አዲስ ድምፅ» ብላ ስትቀበላት በኢትዮጵያ ቤት ያንን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነበር። የውጭው ዓለም «የበኩር ሥራ» ያለው አልበም ለአገሯ ሰው የመጀመሪያው ሳይሆን የስንተኛው እንደሆነ መቁጠር የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ታዲያ እነዚያ አምስት ካሴቶች የት ገቡ?

ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው ከሩቅ የመጣ ምሳሌ ነው። የአሜሪካው ራፐር ኤሚነም በ1999 «ዘ ስሊም ሼዲ ኤልፒ» የተባለውን አልበም አውጥቶ ዓለምን ከማነጋገሩ በፊት ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አልበም ነበረው። ስሙ «ኢንፊኒት» ነው። በ1996 በኖቬምበር ወር ዲትሮይት ውስጥ ዌብ ኢንተርቴይንመንት በሚባል ትንሽ አሳታሚ ወጣ። የታተመው አንድ ሺህ ቅጂ ገደማ ነው። የከተማው ሬዲዮ ጣቢያዎች ጀርባ ሰጡት። የሰሙት ጥቂቶችም «ናስን ትመስላለህ፤ ኤዜድን ትመስላለህ» አሉት። ራሱ ባለቤቱ በኋላ ሲያስታውሰው ከማሳያ ቅጂ ብዙም ያልዘለለ ሥራ መሆኑን ተናግሯል።

በመመዘኛው ከተሄደ «ኢንፊኒት» የከሸፈ አልበም ነው። ሆኖም ዛሬ ማንም ፈላጊ የወጣበትን ቀን፣ ያቀናበሩትን ሰዎች፣ የተቀረጸበትን ስቱዲዮ፣ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በደቂቃ ውስጥ ያገኛል። በ2016 ሃያኛ ዓመቱ ሲከበር የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በአዲስ ቅንብር ወጥቷል። ያልተሸጠው አልበም አልጠፋም። ምክንያቱም አንድ ሰው ጻፈው፣ አንድ ሰው አስቀመጠው፣ አንድ ሰው ቆጠረው።

የአስቴር ካሴቶች ዕጣ የዚህ ግልባጭ ነው። የዲትሮይቱ ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ሰሚ አጥቶ መዝገብ አገኘ። የጎንደሯ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዎች ሰሚ አግኝተው መዝገብ አጡ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይነግረናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቶቹ ከዘፋኟ ችሎታ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አንደኛው ዘመኑ ነው። ደርግ ከመጣ ጀምሮ አዲስ አበባ ሌሊቷን በሰዓት እላፊ ተነጠቀች። ሙዚቃ የሚኖረው በሌሊት ነው፤ ሌሊት ሲዘጋ ክበቡም ባንዱም ይሰደዳል። በ1970ዎቹ መገባደጃ ሸክላ የሚታተምበት ዘመንም አበቃና ሁሉም ነገር ወደ ካሴት ዞረ።

ሁለተኛው ካሴቱ ራሱ ነው። ሸክላ መለያ ቁጥር አለው፤ ሰብሳቢ አለው፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ካሴት ርካሽ ስለነበር ሕዝብ ዘንድ ደረሰ፤ ርካሽ ስለነበርም ማንም አላከበረውም። ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝርና የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ። ዓመት የለም፤ ጊታር የመታው ማን እንደሆነ የለም፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ የለም። ከአንዱ ሙዚቃ ቤት ወደ ሌላው እየተቀዳ ሲሄድ ያ ትንሽ መረጃም በእስክሪብቶ ወደተጻፈ አንድ ስም ይወርዳል። ቤት ከገባም በኋላ ዕጣው አይታወቅም። የካሴቱን ጀርባ ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቆ በዘፈኑ ላይ ለዘመድ የሚላክ የድምፅ ደብዳቤ መቅዳት የተለመደ ነበር። በአንድ ዘፈን ላይ የአንዲት እናት ሰላምታ ለልጇ ተቀድቶ ባሕር ተሻግሯል። ሰላምታውም ዋጋ አለው፤ ዘፈኑ ግን ሄዷል።

ሦስተኛው ሕጉ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን የሚመለከቱ አንቀጾች ነበሩት። የድምፃዊንና የአሳታሚን መብት ለይቶ በዝርዝር የሚጠብቅ አዋጅ የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ካሴት ማባዛት ንግድ እንጂ ወንጀል የሚመስለው ሰው ጥቂት ነበር። ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ ጠባቂ የለውም።

ይህ የአስቴር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አይደለም።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። ያኔ ያስተዋላቸው ጥቂት ነው። ሥራው በዓለም ጆሮ የገባው በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ ቅጽ፣ ከዚያም በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። በ2010 ራፐሩ ናስና ዴሚየን ማርሊ ከሙላቱ ዜማ ወስደው በላዩ ላይ ራፕ አደረጉበት። እነዚያ የ1966ቱ አልበሞች ግን እንደገና ተሰናድተው በወጉ የታተሙት በ2018 ነው፤ ከተሠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ።

የማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ»ም መንገዱ ይኸው ነው። ያንን ሥራ በ1975 ያሳተመው የአስቴርን ካሴቶች ያወጣው ያው አሊ ታንጎ ነው። ፋልሴቶ ሸክላውን አውሮፓ ውስጥ ሰማውና በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለ የቤልጅግ አሳታሚ እንደገና ወጣ። አንድ አሳታሚ፣ አንድ ከተማ፤ በሸክላ የወጣው ሥራ ዳነ፣ በካሴት የወጡት ወደ ጎን ቀሩ።

ከሁሉም የሚያስገርመው የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው። የዋሊያስ ባንድ ኦርጋኒስት የነበረው ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀዳ። ጊዜው አለፈ፤ እሱም በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ያንን ካሴት ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያገኘው ዋሽንግተን ውስጥ አይደለም። ያገኘው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች ከተማ የካሴት ሱቅ ውስጥ ነው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም እንደገና ወደ ዓለም መድረክ ወጣ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሺምኮቪትዝንም ፋልሴቶንም ማመስገን አለበት። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያ ሱቅ ደጃፍ በየቀኑ ስንት ሰው አለፈ? የባሕር ዳር ተማሪ፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የባህል ቢሮ ሠራተኛ፣ የሬዲዮ አዘጋጅ አልፏል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ካሴቱ አልጠፋም ነበር። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ጎንደር የምትኮራበት ነገር አብዛኛው ድንጋይ ነው፤ ይገባታልም። የፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1979 ነው። ይህ ዓመት እዚያው ከተማ የተወለደችው ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራዎቿን በምታወጣባቸው ዓመታት መካከል ያለ ነው። ግንቡ ተቆጠረ፤ ድምፁ አልተቆጠረም። ዛሬ ጎብኚ ሲመጣ ስለ እያንዳንዱ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ዓመት የሚናገር አስጎብኚ አለ። «አስቴር አወቀ ጎንደሬ ናት» የሚልም ሞልቷል። የመጀመሪያ ካሴቷ መቼ ወጣ ሲባል መልስ ያለው ግን እምብዛም ነው።

አንዳንዱ «አስቴር ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ጎንደር የተወለደችበት ብቻ ነው» ይል ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ጎንደር ስሟን በኩራት የምትጠራ ከሆነ ኩራቱ ግዴታ ይዞ ይመጣል። አስቴርም ብትሆን ከዚያ ምድር ስም አልራቀችም፤ በ2010 ላወጣችው አልበም የሰጠችው ስም «ጨጨሆ» ነው። ጨጨሆ ከጋይንት ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ የቀድሞው በጌምድር ሰው በደንብ የሚያውቀው በር ነው። አርቲስቷ በሩን አስታውሳለች። ከበሩ ወዲህ ያለው አገር የእሷን መነሻ ማስታወስ የሚያቅተው ለምንድን ነው?

«ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ስንት ችግር ባለበት ስለ አሮጌ ካሴት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ የበለጠ ክብደት አለው። በአማራ ክልል ሰው እየሞተ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት ቤት እየተቋረጠ ስለ ዘፈን መዝገብ ማንሳት ለብዙዎች አይዋጥም። ሆኖም የካሴቶቹ ጉዳይ ዛሬን የሚነካው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ መጀመሪያ ጎንደርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ በስልኩ ግጥም እየቀዳ ራፕ የሚሞክር አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር ብሎ ማሰብ አይከብድም። አዝማሪ በማሲንቆ፣ በሰምና ወርቅ፣ ከአድማጩ «ተቀበል» እየተባለ ቃል የሚቀበልበት አገር ልጅ ነው፤ ራፕ ለእሱ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይሆንበትም። የበኩር ሥራው በየትኛው ሌሊት ይሰማ? በየትኛው ኔትወርክ ይጫን?

የአስቴር ትውልድ የበኩር ሥራ በሰዓት እላፊና በካሴት መካከል ወድቆ ተረሳ። የዚህኛው ትውልድ የበኩር ሥራ በሰዓት እላፊና በተዘጋ ኢንተርኔት መካከል እየወደቀ ነው። ልዩነቱ ካሴት ቢያንስ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ፈላጊ መጠበቁ ነው። የዛሬው ሥራ በአንድ የጠፋ ስልክ፣ በአንድ የተዘጋ አካውንት፣ በአንድ የተሰረዘ ቻናል ጭራሹን ይሄዳል። ነገ ከነዚህ ልጆች አንዱ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ደርሶ ስሙ ሲገን «የመጀመሪያ አልበሙ» የሚባለው እዚያ ያወጣው ይሆናል። ጎንደር ላይ የሠራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የመከራውም ዘመን ምስክር አብሮ ይጠፋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ የጥበብ ሰዎች ራሳቸው የሚያነሱት ነው። የልጅነት ሥራ ጥሬ ነው፤ አርቲስቱ ራሱ እንዲሰማ ላይፈልግ ይችላል። ይህ መከበር ያለበት ስሜት ነው። ነገር ግን ማስቀመጥ ሌላ፣ አውጥቶ መሸጥ ሌላ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ዩቲዩብ ላይ መጫን ማዳን ሳይሆን ያንኑ የድሮ የካሴት ሌብነት በአዲስ መሣሪያ መድገም ነው። አንድን ካሴት በጥንቃቄ ቀድቶ፣ ዓመቱንና የሙዚቀኞቹን ስም መዝግቦ፣ መብቱን ለባለቤቱ ትቶ ማስቀመጥ ግን ማንንም አይጎዳም። «ኢንፊኒት» ጥሬ መሆኑ ኤሚነምን አላሳነሰውም። ሰው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማየት የደረሰበትን ያተልቀዋል እንጂ።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ዓ.ም. አገር ውስጥ የሚወጡ ሥራዎች ቅጂ ለተቋሙ ገቢ እንዲሆን ይደነግጋል። ብዙዎች ወመዘክር የሚሉት ይህ ቤት መጽሐፍ ብቻ የሚሰበስብ ተደርጎ መታየቱ መቆም አለበት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ቢሆንም ዛሬ የቋንቋና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች አሉት። አንድ ክፍል፣ ሁለት በደንብ የሚሠሩ ቴፖች፣ አንድ ኮምፒውተርና ጥቂት ትጉ ተማሪዎች በዓመት ብዙ መቶ ካሴት መቅዳት ይችላሉ። የባህል ቢሮው በየዓመቱ ለበዓል ከሚያወጣው ገንዘብ ትንሿ ቁራሽ ይበቃዋል።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳል፤ ይሻግታል፤ ይጣበቃል፤ ድምፁን የያዘው ሽፋን እየላላ ይረግፋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቀዳ ካሴት ዛሬ አርባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ያሳተሙትም፣ ያጀቡትም፣ የሸጡትም ሰዎች በዕድሜ ገፍተዋል። ሽፋን ላይ ያልተጻፈውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው ሲያልፍ አንድ ዝርዝር አብሮ ያልፋል።

መንግሥት እስኪነቃ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። በአልጋ ሥር በካርቶን ካሴት ያለው ቤተሰብ ዛሬ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። አይጣል። ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ። ጀርባው ላይ የተጠቀጠቀው ወረቀት ይውጣ፤ ማንም በስህተት አይቅዳበት። ከማን ተገዛ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ የሚታወቀው ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ። ራፐር ነኝ የሚል ወጣትም ሥራውን በአንድ ስልክ ብቻ አያስቀምጥ። ቀኑን፣ ቢቱን የሠራለትን፣ የቀዳበትን ቤት ይጻፍ። ዛሬ ዋጋ የሌለው የሚመስለው ያ መስመር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

አስቴር አወቀ በ1989 ለንደን ላይ የታየችው ሰው እንዲሁ ከሰማይ የወረደች አልነበረችም። ከጎንደር የተነሳች፣ በአዲስ አበባ አጭር ሌሊቶች የተፈተነች፣ አምስት ካሴት ከኋላዋ ያስቀመጠች ድምፃዊት ነበረች። እንግሊዞቹ የሚያውቁትን ጻፉ፤ ጥፋት የለባቸውም። ከዚያ በፊት ያለውን ገጽ መጻፍ የእነሱ ሥራ አልነበረም።